ቀለሃው ለምን አልወጣም? የባዶ ቀለሃ መጣበቅ ከሰናድር እስከ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አራት ሥራ ይሠራል። መዝጊያው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ባዶውን ቀለሃ ከበርሜሉ ሥር ጎትቶ ያወጣል፤ ወደ ጎን ይወረውረዋል፤ ሲመለስም ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ከእነዚህ መካከል የቀለሃው መውጣት ሲሰናከል የቀሩት በተራቸው ይሰናከላሉ፤ አዲሱ ጥይት ባልወጣው ቀለሃ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ሽጉጡም በዚያች ቅጽበት ከብረት ቁራጭ የማይሻል ይሆናል። በዚህ ጊዜ መሣሪያውን የያዘውም የሚጠግነውም ሰው ፈጥኖ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ጥፍሩ አልቋል» የሚል ነው። ጥፍር የምንለው በመዝጊያው ፊት ላይ የተሰካውን፣ የቀለሃውን ከንፈር ይዞ የሚጎትተውን ትንሽ መንጠቆ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ፍርዱ የተቻኮለ መሆኑን ነው። ቀለሃ አለመውጣት በመጀመሪያ ደረጃ በቀለሃውና በሚያድርበት ጎሬ መካከል የሚነሣ ችግር ሲሆን፣ ጥፍር አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ ምስክር ወይም ተጎጂ እንጂ መነሻ አይደለም። ለዚህ የምናቀርበው ማስረጃ ከሽጉጡ መዋቅር ብቻ የተገኘ አይደለም። አገራችን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ልዩ ልዩ የቀለሃ ዓይነቶችን ተራ በተራ ተቀብላለች፤ ያ ታሪክ ራሱ እንደ ረጅም የሙከራ መዝገብ ሊነበብ ይችላል። በቃል አጠቃቀም ረገድ፣ ጥይቱ የሚቀመጥበትን የበርሜል ሥር «ጎሬ»፣ የወጣውን ቀለሃ መትቶ ወደ ጎን የሚያፈናጥረውን ቋሚ ብረት «ገፊ» እያልን እንጠራለን።

ጥፍሩ ምን ይሠራል?

ሽጉጦች በመዝጊያ አሠራራቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ወገን መዝጊያው ከበርሜሉ ጋር አይቆለፍም፤ የሚይዘው የራሱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባው ቤሬታ ሞዴል 1934 እና ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭ የዚህ ወገን ናቸው። በሁለተኛው ወገን በርሜሉና መዝጊያው ተቆላልፈው አብረው ጥቂት ወደ ኋላ ይጓዛሉ፤ ከዚያ በኋላ በርሜሉ ሥሩን ዝቅ አድርጎ ይለያል። የቤልጂጉ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር፣ የሶቪየቱ ቶካሬቭ፣ እንዲሁም 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም የሚተኩሱት የስፔን ስታር ሽጉጦች በዚህ ይመደባሉ።

ይህ ክፍፍል ለምርመራ ወሳኝ ነው። ባልተቆለፈ መዝጊያ ውስጥ ቀለሃውን ወደ ኋላ የሚገፋው የባሩዱ ጋዝ ራሱ ነው፤ ቀለሃው እንደ ፒስተን ሆኖ መዝጊያውን ይገፋል እንጂ መዝጊያው ቀለሃውን አይስብም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሽጉጥ ጥፍሩ ተነቅሎም ባዶ ቀለሃውን በአብዛኛው ያስወጣል። ጥፍሩ እዚያ የሚያስፈልገው ቀለሃውን ከገፊው እስኪደርስ ድረስ በመስመር ለመያዝና ያልተተኮሰ ጥይት በእጅ ለማውጣት ነው። ስለዚህ ማካሮቭ በተኮሰ ቁጥር ቀለሃው በጎሬው ውስጥ የሚቀር ከሆነ፣ ጥፍሩን ከመወንጀል በፊት ጋዙ የገፋውን ቀለሃ ምን እንዳገደው መጠየቅ ይገባል።

በተቆለፈው መዝጊያ ነገሩ ይለያል። መዝጊያው ከበርሜሉ ሲለቀቅ አረሩ ከአፈሙዙ ወጥቶ፣ ግፊቱም እጅግ ቀንሷል። ቀለሃው ግን በዚያች አፍታ ውስጥ በአውሮፓ መለኪያ እስከ 2,350 ባር በሚደርስ ግፊት ተለጥጦ ከጎሬው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ብረቱ በራሱ መኮማተር አለበት፤ ካልተኮማተረ ጥፍሩ የተጣበቀ ነገር እንዲነቅል ይገደዳል። የ9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ቀለሃ ሥሩ 9.93 ሚሊሜትር፣ አፉ ደግሞ 9.65 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን የተደረገው ያለምክንያት አይደለም። ወደ አፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ጥቂት እንደተንቀሳቀሰ ከግድግዳው ሁሉ ይላቀቃል። ጥፍሩ የሚያስፈልገው ለዚያች ለመጀመሪያዋ ጥቂት ጉዞ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በተጠምዛዥ መዝጊያ የሚሠራ ጠመንጃ፣ ለምሳሌ ማውዘር ሞዴል 1898፣ መያዣው ወደ ላይ ሲነሣ በተዳፋ ብረት ላይ እየተንሸራተተ መዝጊያውን በኃይል ጥቂት ወደ ኋላ ያስገድደዋል። ይህ እንደ ሽብልቅ የሚሠራ ጉልበት የተጣበቀ ቀለሃን ለመፈልቀቅ የተበጀ ነው። ሽጉጥ እንዲህ ያለ ሽብልቅ የለውም። በእጅ ሲጎተትም ቀጥታ መጎተት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጠመንጃ ላይ ያለችግር የሚወጣ የቆሸሸ ቀለሃ በሽጉጥ ላይ ሊቀር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሽጉጡን በጠመንጃው ልክ ሲፈርድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከንፈሩ የሚናገረው

የመጀመሪያው የምርመራ ሰነድ የቀረው ቀለሃ ራሱ ነው፤ የሚጣል ቆሻሻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝናል። ከንፈሩ ላይ የጥፍሩ ጠባሳ በጉልህ ካለ፣ ይባስ ብሎ ከንፈሩ ተቦጭቆ ከሆነ፣ ጥፍሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ያልተንቀሳቀሰው ቀለሃው ነው። ችግሩ በጎሬው ወይም በቀለሃው ዘንድ ይፈለግ። ከንፈሩ ንጹሕ ሆኖ ቀለሃው በእንጨት ዘንግ በቀላሉ የሚገፋ ከሆነ ግን ጥፍሩ ጨርሶ አልያዘም ወይም በጥቂት ጉልበት አምልጦታል፤ ያኔ ብቻ ወደ ጥፍሩ፣ ወደ ሞላውና ከሥሩ ወደ ተጠራቀመው ጥቀርሻ እንሄዳለን። ቀለሃው ከጎሬው ወጥቶ በመውጫው በር ላይ ቆሞ ከተያዘ ደግሞ ችግሩ የመወርወር እንጂ የመውጣት አይደለም። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ጠጋኝ ያልታመመውን አካል ያክማል።

የቀለሃው አካል ላይ የሚታየውም ይነበባል። በዙሪያው የተረጨ የሚመስል ሸካራ አሻራ ካለው ጎሬው በዝገት ተበሳስቷል ማለት ነው፤ ለስላሳው ናስ በግፊት ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ጉድጓድ ገብቶ እንደ ምስማር ይያዛል። ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት የአሸዋ ወይም የብረት ስንጣሪ ምልክት ነው። ከሥሩ በላይ ቀለበት የመሰለ ብሩህ መስመር ከታየ ቀለሃው ለመበጠስ ተቃርቧል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጥፍሩ ሥሩን ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከቆመህ ጠብቀኝ እስከ ውጅግራ

በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ቀለሃ አልነበረውምና የመውጣት ችግርም አልነበረበትም። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያለ መጥራቱ የታወቀ ነው፤ የስሙ ፌዝ ሁለተኛው ተኩስ እስኪዘጋጅ ድረስ ጠላት እንዲታገሥ መለመኑ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖልም በአፉ የሚጎርስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ያን ግዙፍ መድፍ በጋይንት፣ በጨጨሆና በዋድላ አድርገው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ዛሬ ንፋስ መውጫ ያለችበት ደጋ የመንገዳቸው አካል ነበር። ገደሉን እየደለደሉ መንገድ የከፈቱለት መሣሪያ ግን ዘመኑ እያለፈበት ነበር፤ ከሰሜን አቅጣጫ ወደዚያው ወደ መቅደላ ይገሰግስ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ቀለሃ ያለው ጠመንጃ ይዟል።

ያ ጠመንጃ ሰናድር ነው፤ ስሙ ከፈጣሪው ከስናይደር የመጣ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የተፋለሙት የቴዎድሮስ ወታደሮች ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በሚተኩሱበት ደቂቃ የሰናድሩ ባለቤት ወደ አሥር ይጠጋ ነበር። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው እንደሞተ ሲገመት፣ ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። የታሪክ ትረካችን ይህን ልዩነት በኋላ ተጎራሽነት ብቻ ያስረዳዋል። ሰናድር ግን ቀለሃውን የሚያወጣው በእጅ ነበር። ተኳሹ የኋላውን መዝጊያ ወደ ጎን ገልብጦ ወደ ኋላ ይስባል፤ ጥፍሩ ቀለሃውን ከጎሬው ያላቅቃል፤ ከዚያም ጠመንጃውን አዘንብሎ ያራግፈዋል። የሚወረውር ገፊ የለውም። ቀለሃውም የተጠቀለለ ቀጭን ናስ ከብረት ሥር ጋር የተያያዘበት ስለነበር ይፈታ፣ ይጨማደድ ነበር። የዚያ ቀን ፍጥነት በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን አዲስ በተሠራና ንጹሕ በሆነ ጥይትም ላይ የቆመ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የኢትዮጵያ ታሪክ በተለይ የሚያስተምረን ንጹሕ አዲስ ጥይት በሌለበት ምን እንደሚሆን ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ድል ሲነሡ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። በኋላም የጣሊያን መንግሥት ለንጉሥ ምኒልክ አምስት ሺህ ሬሚንግተን ለመስጠት በ1880 ዓ.ም. ተዋዋለ። ከፈረንሳይ በኩል ደግሞ ሕዝቡ ውጅግራ ያለው ፉዚል ግራ ገባ። ሞዴሉ የ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን 11 ሚሊሜትር አረር፣ 59 ሚሊሜትር ቀለሃና 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ነበረው። በዓድዋ ጊዜ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ የነበረው ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ግምቱ የሚቆጥረው ጠመንጃን ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አሥረኛውን ጥይት ያለመሰናክል ሊተኩስ የሚችለው ስንቱ እንደነበር የሚጠይቅ ጥናት ከጠመንጃ ቆጠራ የተለየ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ወደዚህ እንመለስበታለን።

ጥቁር ባሩድ ሲነድድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ፣ ወደ 55 በመቶ የሚጠጋው፣ ጋዝ አይሆንም፤ ጠጣር ጭስና ጥቀርሻ ይሆናል። አንድ የውጅግራ ጥይት ስለዚህ ወደ 2.9 ግራም የሚጠጋ ጠጣር ነገር ያመነጫል። አብዛኛው በአፈሙዙ ይወጣል፤ የቀረው ግን በርሜሉንና የጎሬውን አፍ ይለብሳል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ይደነድናል። ሬሚንግተን በዚህ በኩል ከተጠምዛዥ መዝጊያው ውጅግራ ይልቅ የተጋለጠ ነበር፤ የሚሽከረከረው መዝጊያው በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሲገፋ ጥፍሩን የሚያንቀሳቅሰው በጥቂት ጉልበት ነውና ቀለሃው ትንሽ ብቅ ይልና የቀረውን የተኳሹ ጣት እንዲጨርስ ይተወዋል።

ይሁን እንጂ ለጥናታችን ከሁሉ የሚልቀው ፍሬ ነገር የጥይት ገንዘብነት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት፣ በተለይ የውጅግራ ጥይት፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር መንገደኞች ጽፈዋል። ባዶ ቀለሃም ዋጋ ነበረው፤ በአገር ውስጥ ባሩድ ዳግመኛ ይሞላ ነበር። የኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ ይህን ሲያነብ የአሞሌን ታሪክ ያስታውሳል። መሐንዲስ ሲያነበው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል።

አንድ ቀለሃ ሲተኮስ የተተኮሰበትን ጎሬ ቅርጽ ይወስዳል። በፋብሪካ ዳግም ሲሞላ በመጀመሪያ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ጥንቱ መጠን ይመለሳል። በእጅ የሚሞላ ሰው ይህ መሣሪያ ከሌለው ቀለሃው በሰፋው መጠኑ ይቀራል። በራሱ ጠመንጃ ቢተኮስ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ከዚያው ጎሬ ጋር ተስማምቷል። በገበያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግን በሰፊ ጎሬ የተነፋ ቀለሃ ወደ ጠባብ ጎሬ ይሄዳል። በጭንቅ ይገባል፤ ከተተኮሰ በኋላ የሚኮማተርበት ቦታ የለውምና ይጣበቃል። ጥይትን ገንዘብ ያደረገው ሥርዓት ቀለሃውን ከጠመንጃው አፋትቶ ለማያውቀው ጠመንጃ የሚድር ሥርዓት ነበር። ይህ የጸሐፊው መላ ምት ነው፤ ነገር ግን በእጅ በተገኙ ቀለሃዎች ላይ በካሊፐር ሊፈተን የሚችል መላ ምት ነው። በዚያ ላይ የግብፁ ሬሚንግተንና የውጅግራው ጥይት ሁለቱም 11 ሚሊሜትር ይባሉ እንጂ ቀለሃቸው አንድ አይደለም፤ የጣሊያኑ ቬተርሊም በ10.4 ሚሊሜትር ከእነዚህ ብዙ አይርቅም። ተመሳሳይ የሚመስሉ ጥይቶች በአንድ ገበያ መገኘታቸው በራሱ የመሰናክል ምንጭ ነው።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው። በጎረቤታችን በሱዳን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በአቡ ክሌያ በተደረገው ጦርነት የእንግሊዞች ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃዎች በሙቀትና በአሸዋ መካከል ቀለሃ እየያዙ አስቸግረዋል። ተጠያቂ የሆነው በአብዛኛው ከተጠቀለለ ቀጭን ናስ የሚሠራው ቀለሃ ነበርና ከአንድ ወጥ ናስ በተሳበ ቀለሃ እንዲተካ ግፊቱ ጨመረ። እዚህም ላይ የተለወጠው ቀለሃው እንጂ ጥፍሩ አይደለም።

ናስ፣ አረብ ብረትና ጋጣ

ቀለሃ ለመሥራት 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ያለው ናስ የተመረጠው ስለሚለጠጥ ብቻ ሳይሆን ስለሚመለስም ነው። አንድ ብረት ከተለጠጠ በኋላ ምን ያህል እንደሚመለስ የሚወስነው የጥንካሬው ወሰን በግትርነቱ ሲካፈል ነው። የናስ ግትርነት 110 ጊጋፓስካል ያህል፣ የአረብ ብረት ደግሞ ወደ 200 ይጠጋል። ስለዚህ ጥንካሬያቸው እኩል ቢሆን ናሱ በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል መጠን ከግድግዳው ይሸሻል። የሶቪየት ፋብሪካዎች ለሽጉጥም ለጠመንጃም በብዛት ያመረቱት የአረብ ብረት ቀለሃ በርካሽነቱ ይመረጣል፤ በንጹሕ ጎሬ ውስጥም ያለችግር ይሠራል። ጎሬው ሲሸክር ግን የመጀመሪያው ታማሚ እርሱ ነው። በአንድ ሽጉጥ የናስ ቀለሃ ሲወጣ የብረቱ እየቀረ ካስቸገረ፣ ምርመራው ከሞላ ጎደል ተጠናቋል፤ ጎሬው ይታይ።

ናስ የራሱ ደካማ ጎን አለው። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቻቸው ጥይቶች ሳይተኮሱ ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጣርቶ ታወቀ፦ ከእንስሳት ሽንት የሚነሣው አሞኒያ፣ እርጥበት ሲታከልበት፣ በምርት ጊዜ ውጥረት የቀረበትን ናስ ይሰነጥቃል። ከብቱና ሰዉ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት የደጋ ቤት ውስጥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዝናር ከዚያ ሁኔታ ብዙ አይርቅም። የተሰነጠቀ ቀለሃ ሲተኮስ ጋዝ ወደ ጎን ያፈሳል፤ ጎሬውን ያጠቁራል፤ አንዳንዴም ለሁለት ተከፍሎ ፊተኛውን ክፍል ውስጥ ይተዋል።

ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ስሟ እንደሚመሰክረው ነፋስ የማያጣት ከተማ ናት። ከብርድ ወጥቶ ምድጃ ወዳለበት ቤት የገባ ብረት ላዩ ላይ እንፋሎት ይቋጥራል፤ ይህም በጎሬው ውስጥ ሳይቀር ይሆናል። የዘይት እጥረት ባለበት ቅቤ ወይም ሞራ የሚቀባ ሰው ካለ ደግሞ ስቡ ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ የሚፈጠረው አሲድ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ጎሬውንም በሚያጣብቅ ሽፋን ያለብሰዋል። ብዙ መቀባት ብልሃት የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጎሬ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቅባት የሚገባው ለተንሸራታች ክፍሎች ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለቶካሬቭ ባለቤቶች ይጠቅማል። የድሮ ወታደራዊ ጥይቶች መቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲነድድ ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም። ከተኩስ በኋላ ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ጨውን ከዘይቱ ሥር ቀብሮ ዝገቱን ያደላድላል። አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት ነው መፍትሔው። በዚህ መንገድ የተበላ ጎሬ ጥፍር በመቀየር አይድንም።

ወደ ሽጉጡ ስንመለስ

ከላይ የተባለው ሁሉ የምርመራውን ቅደም ተከተል ይወስናል። ከማንኛውም ነገር በፊት ካዝናው ይወጣል፤ አፈሙዙ ሰውና ዐለት ወደሌለበት ይዞራል። ቃታው ተስቦ ካልተኮሰ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚነድድ ጥይት አለና። በጎሬው ውስጥ ያለው ባዶ ቀለሃ መሆኑ በዐይን ሳይረጋገጥ ከአፈሙዝ በኩል በትር አይገባም፤ አረር ያለውን ጥይት በበትር መግፋት ሰውን ሊገድል የሚችል ስሕተት ነው። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ለስላሳ ዘንግ ይበቃል። ቀለሃው ምን ያህል ተቃውሞ እንዳሳየ በዚያው ልክ ይታወቃል፤ ይህም ስሜት ከንፈሩ ላይ ካለው ምልክት ጋር ተደምሮ አብዛኛውን መልስ ይሰጣል።

ከዚያ ጎሬው ይታጠባል፤ በመብራት ይታያል። ያው ሽጉጥ በሌላ ፋብሪካና በሌላ ዘመን ጥይት ይፈተናል። ችግሩ ከጥይቱ ጋር ከጠፋ ጥይቱ ይወገድ። ካልጠፋና ጎሬውም ለስላሳ ከሆነ ብቻ ተራው የጥፍሩ ይሆናል። ጥፍርም ሁለት ዓይነት ነው። በኮልት ሞዴል 1911 እንዳለው ያለ ጥፍር የራሱ ሞላ ራሱ ነው፤ ጉልበቱ ከጉብጠቱ ይመጣል፤ ሲለምድ ይዝላል። ሃይ ፓወርም በመጀመሪያ ይህን የመሰለ ውስጣዊ ጥፍር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ በውጭ በሚታይ፣ የተለየ ሞላ ባለው ጥፍር ተተካ። የማካሮቭም እንዲሁ በተለየ ሞላ የሚደገፍ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ጥፍሩ ሳይሆን ከኋላው በጥቀርሻና በደረቀ ቅባት የታፈነው ሞላው ነው። ነቅሎ ማጽዳት በቂ ሆኖ ሳለ የጥፍሩን ጫፍ በሞረድ የሚያሾል ሰው በሽጉጡ ላይ ሁለተኛ በሽታ ይጨምራል።

የተዳከመ የመመለሻ ሞላ፣ የተጣመመ የካዝና ከንፈርና የላላ የእጅ አያያዝም መሰናክል ይፈጥራሉ፤ ነገር ግን የሚያስከትሉት ብዙውን ጊዜ የመወርወርና የማጉረስ እንጂ የመውጣት ችግር ስላልሆነ እዚህ አንገባባቸውም። በሕግ በኩል መሣሪያ መያዝም መጠገንም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ለአስታዋሽነት ጠቅሰን እናልፋለን።

ቀለሃ እንደ ሰነድ

ቀደም ሲል ያቆየነው ጥያቄ፣ ማለትም በአንድ ጦርነት ላይ ስንት ጠመንጃ በእርግጥ ይሠራ ነበር የሚለው፣ መልስ የማይገኝለት አይደለም። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1876 በሊትል ቢግሆርን የተሸነፉት ካርባይኖቻቸው ቀለሃ እየያዙባቸው ነው የሚል ወሬ ለመቶ ዓመት ያህል ተወርቶ ነበር። ወሬው መነሻ ነበረው፤ የስፕሪንግፊልዱ ቀለሃ ከለስላሳ መዳብ የተሠራ ሲሆን፣ ከአዛዦቹ አንዱ ሻለቃ ሪኖ ከጦርነቱ በኋላ በጻፈው ሪፖርት ከ380 ካርባይኖች ስድስቱ በዚህ ምክንያት ከጥቅም ውጭ እንደሆኑ ገልጿል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜዳውን በብረት መፈለጊያ የቃኙት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ አንሥተው በቢላ ጫፍ የተፈለቀቀ ምልክት ያለባቸውን ቆጠሩ። የተገኘው ጥቂት መቶኛ ብቻ ነበር። በተሸናፊዎች የሚወራው ሰበብ በቀለሃ ከንፈር ተመዝኖ ቀለለ።

በአሮጌ፣ በጉንደት፣ በጉራ፣ በዓድዋ እንዲሁም በደቡብ ጎንደር የአርበኞች ውጊያ በተደረገባቸው ሸንተረሮች ላይ ይህን የመሰለ ሥራ መሥራት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ቀለሃ የተገኘበት ቦታ፣ የሥሩ ማኅተም፣ በሦስት ቦታ የተለካ ስፋቱ፣ ከንፈሩ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ስንጥቁና ዳግም የተሞላ ለመሆኑ ምልክት ካለ ይመዘገባል። ዳግም የተሞላ ቀለሃ አብዛኛውን ጊዜ በመቀጣጠያው ጉድጓድ ዙሪያ የመፈልቀቂያ ጭረት ስለሚኖረው ይለያል፤ ስፋቱ ከሌላ የጠመንጃ ጎሬ ጋር አለመስማማቱም የገበያውን መላ ምት በቁጥር ይፈትናል። ሥራው የሚጠይቀው ካሊፐር፣ ማጉያ መነጽርና የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ነው፤ ከእነዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ጊዜ ነው። ናስ በመሆኑ ቀለሃ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ የቀለጠ ቀለሃ ደግሞ ከንፈር የለውም።